መርከብን ከውዝዋዜ የማርገብ ጥበብ፦ ከታላላቅ መርከቦች እስከ መዝናኛ ሞተር ጀልባ

በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ መርከብ በማዕበል ኃይል በስድስት ዓይነት መንገድ ትንቀሳቀሳለች። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትገፋለች፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሸራተታለች፤ ወደ ላይ ትነሣለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች፤ አፍንጫዋን ታጠልቃለች፣ መልሳም ታቀናለች፤ ከአቅጣጫዋ ትዛባለች፤ በመጨረሻም ከጎን ወደ ጎን ትወዛወዛለች። ከእነዚህ ከስድስቱ መካከል የሰው ልጅ በአነስተኛ ኃይል ሊገታው የቻለው የመጨረሻውን፣ ማለትም የጎንና ጎን ውዝዋዜን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያናውጠውን ኃይል ለመመከት የመርከቧን ሙሉ ርዝመትና ክብደት መታገል ያስፈልጋል። የጎን ውዝዋዜን ግን ውሃው ራሱ እጅግ በጥቂቱ ስለሚያበርደው፣ ትንሽ ኃይል በተገቢው ሰዓት ቢጨመርበት ውጤቱ ከፍ ያለ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህን ቀላል የሚመስል ሐሳብ ከግብ ለማድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ብዙ ብልህ መሣሪያዎች ተፈልስፈዋል፤ ብዙዎቹም ተጥለዋል። የተጣሉበት ምክንያት ሲመረመር የሚገኘው ቁም ነገር ለመሐንዲስ ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። አብዛኞቹ የወደቁት በሳይንስ መሠረታቸው ስሕተት አይደለም። በክብደታቸው፣ በሚይዙት ቦታ፣ በሚጠይቁት እንክብካቤና ከተሠሩበት ባሕር ውጭ በመዋላቸው ነው። ዛሬ አንድ የመዝናኛ ሞተር ጀልባ ባለቤት ወይም የእርሱ መሐንዲስ የማርገቢያ መሣሪያ ሲመርጥ የሚገጥመው ጥያቄም ያው የጥንቱ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፍሩድ ምርምር

የውዝዋዜን ባሕርይ በሳይንሳዊ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያብራራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ (1810–1879) ነው። ፍሩድ በወጣትነቱ በታዋቂው መሐንዲስ በብሩኔል ሥር በባቡር ሐዲድ ሥራ ያገለገለ ሲሆን፣ ብሩኔል «ግሬት ኢስተርን» የተባለችውን ግዙፍ መርከብ ባሠራ ጊዜ መርከቢቱ በማዕበል ላይ እንዴት ልትወዛወዝ እንደምትችል እንዲያጠና ጠየቀው። የጥናቱንም ውጤት በ1861 ለመርከብ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ።

የፍሩድ ግኝት በአጭሩ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ መርከብ የራሱ የምልልስ ጊዜ አለው፤ ይኸውም ወደ አንድ ጎን ካጋደለ በኋላ ወደ ሌላው ጎን ሄዶ ወደ መነሻው እስኪመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ማዕበሉ ከዚህ ጊዜ ጋር በተስማማ ምት ሲመጣ፣ በዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ በየምልልሱ በትንሹ መግፋት እያደር ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ውዝዋዜው እየጨመረ ይሄዳል። የምልልሱ ጊዜ የሚወሰነው በመርከቧ ወርድና ካጋደለች በኋላ የምትመለስበትን ኃይል በሚለካው ከፍታ፣ ማለትም መሐንዲሶች የሜታሴንተር ከፍታ በሚሉት ነው። ለምሳሌ ወርዷ 5 ሜትር፣ የሜታሴንተር ከፍታዋ 1 ሜትር የሆነ ጀልባ የምልልስ ጊዜዋ ወደ 4 ሴኮንድ ይጠጋል። ከፍታው ወደ ሩብ ሜትር ዝቅ ቢል ጊዜው ወደ 8 ሴኮንድ ያድጋል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለብዙ የዘመኑ ሰዎች እንግዳ ነበር። ቀና ብላ የምትቆም፣ የመመለስ ኃይሏ ብርቱ የሆነ መርከብ የግድ እርጋታ ያላት መርከብ አይደለችም። እንዲያውም ፈጥና ስለምትመለስ ተሳፋሪዋን በኃይል ታንገላታለች። በአንጻሩ ደግሞ ቀስ ብላ የምትወዛወዝ መርከብ ምቹ ብትሆንም ምቾቷ የደኅንነቷ ምስክር ሊሆን አይችልም። ይህን እውነት «ካፕቴን» የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በመራራ መንገድ አስተማረች። የዚህች መርከብ ጎን ከውሃው በላይ የነበረው ከፍታ አነስተኛ ሲሆን፣ የመመለስ ኃይሏ ከ21 ዲግሪ ገደማ በኋላ መቀነስ ይጀምር ነበር። አብራት የነበረችው «ሞናርክ» ግን እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ኃይሏ እየጨመረ ይሄድ ነበር። በመስከረም 1870 በስፔን ጠረፍ አጠገብ በተነሣ ማዕበል «ካፕቴን» ተገልብጣ ወደ 480 የሚጠጉ ሰዎች ሲያልቁ «ሞናርክ» ግን ያንኑ ሌሊት በደኅና አሳለፈች። ስለዚህ ደኅንነትና እርጋታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ሊለወጥ አይገባውም።

ፍሩድ ችግሩን በመግለጽ ብቻ አላበቃም፤ መፍትሔም አቅርቧል። በመርከቧ ሆድና ጎን መጋጠሚያ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ ጠርዝ፣ ማለትም ቢልጅ ኪል ቢገጠም ውሃውን እየቀዘፈ ውዝዋዜውን እንደሚያበርድ አስረዳ። በ1872 «ግሬይሃውንድ» እና «ፐርሲየስ» በተባሉ ሁለት መርከቦች ላይ በተደረገው የባሕር ላይ ሙከራ፣ ይህ ጠርዝ የተገጠመላት «ግሬይሃውንድ» ከጓደኛዋ ይልቅ በእጅጉ ረግታ ታየች። ጠርዙ የሚሽከረከር ወይም የሚዘወር ክፍል የለውም፤ ዘይት አይፈልግም፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከተፈለሰፈ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ቢሆን በአብዛኞቹ የንግድ መርከቦች ላይ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ክብደት፣ ውሃና ጃይሮስኮፕ

ከፍሩድ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች ከጠርዙ የበለጠ ውጤት ፈለጉ። በ1880ዎቹ ፊሊፕ ዋትስ «ኢንፍሌክሲብል» በተባለችው የጦር መርከብ ውስጥ ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞሉ ክፍሎችን አስገጥሞ፣ የውሃው ከጎን ወደ ጎን መፍሰስ ውዝዋዜውን እንዲቃወም አደረገ። ጀርመናዊው ኸርማን ፍራም በሐምቡርግ ይህንኑ ሐሳብ አሻሽሎ፣ ሁለት የጎን ጋኖችን ከሥር በቧንቧ በማገናኘት የውሃው ምልልስ ከመርከቧ ምልልስ ጋር እንዲስማማ አደረገ። ጋኑ ቀላልና ርካሽ ነው፤ መርከቧ ቆማም ይሠራል። ነገር ግን በመርከብ ሆድ ውስጥ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ውሃ የመመለስ ኃይሏን ስለሚቀንስ፣ የጋኑ መጠን በጥንቃቄ ሳይሰላ ከተሠራ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

በመዝናኛ መርከብ ላይ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ደግሞ የእንግሊዛዊው የጆን ቶርኒክሮፍት ነው። ቶርኒክሮፍት በ1890ዎቹ መጀመሪያ «ሴሲል» በተባለች የእንፋሎት ጀልባ ውስጥ በሃይድሮሊክ ኃይል ከጎን ወደ ጎን የሚጓዝ ከባድ ክብደት አስቀመጠ። መሣሪያው ሠርቷል። ይሁን እንጂ ብዙ ቶን የሚመዝን ብረት በሰዎች መኖሪያ ሥር በየጥቂት ሴኮንዱ እንዲመላለስ ማድረግ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለመረዳት ሙያዊ እውቀት አይጠይቅም። ተከታይም አላገኘም።

የ20ኛው ምዕት ዓመት ሲጀምር ትኩረቱ ወደ ጃይሮስኮፕ ዞረ። በፍጥነት የሚሽከረከር ከባድ መንኰራኩር ዘንጉ እንዲያጋድል ሲገደድ በሌላ አቅጣጫ ኃይል ይፈጥራል። ጀርመናዊው ኦቶ ሽሊክ ይህን ባሕርይ በመጠቀም በ1906 «ዜቤር» በተባለች የቀድሞ ቶርፔዶ ጀልባ ላይ መንኰራኩር አስገጥሞ ውዝዋዜዋን በሚያስደንቅ ሁኔታ ቀነሰው። አሜሪካዊው ኤልመር ስፔሪ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። አንዲት ትንሽ ጃይሮስኮፕ የውዝዋዜውን መጀመሪያ እንድታስታውቅ፣ ትልቁ መንኰራኩርም ማዕበሉን ሳይጠብቅ በሞተር ኃይል እንዲያጋድል አደረገ። ይህ ማርገቢያ ከመጠበቅ ወደ መቅደም የተሸጋገረበት ታላቅ ለውጥ ነበር።

የስፔሪ መሣሪያ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1932 ሥራ በጀመረችው «ኮንቴ ዲ ሳቮያ» በተባለችው የጣልያን የመንገደኞች መርከብ ነው። በሆዷ እያንዳንዳቸው ከ100 ቶን በላይ የሚመዝኑ ሦስት ጃይሮስኮፖችን ተሸክማ፣ የማትወዛወዝ መርከብ ተብላ በማስታወቂያ ተወደሰች። ማዕበል ግን ማስታወቂያ አያነብብም። መሣሪያው ውዝዋዜውን በመጠኑ ቢቀንስም ፈጽሞ ሊያጠፋው አልቻለም፤ ክብደቱ፣ የያዘው ቦታና ዋጋው ግን ሁልጊዜ ከመርከቧ ጋር ነበር። ከእርሷም በኋላ ያን መንገድ የተከተለ ሌላ ታላቅ የመንገደኞች መርከብ አልታየም። ጃይሮስኮፕም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከማርገቢያነት ተገልሎ አቅጣጫ መጠቆሚያ ብቻ ሆኖ ቆየ።

የክንፍ ድል

ጃይሮስኮፕን ያሸነፈው ሐሳብ ከጃፓን የመነጨ ነው። መሐንዲሱ ሺንታሮ ሞቶራ በ1923 «ሙትሱ ማሩ» በተባለች መርከብ ላይ ከሁለቱም ጎን ከውሃ በታች የወጡ፣ በዘንጋቸው ላይ የሚዞሩ ክንፎችን ገጠመ። መርከቧ ስትጓዝ በክንፉ ላይ የሚፈስሰው ውሃ፣ አየር የአውሮፕላንን ክንፍ እንደሚያነሣው ሁሉ፣ አንዱን ጎን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ይገፋል። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም ክንፎቹን በጊዜው የሚያዝዘው የመቆጣጠሪያ ክፍል ገና አልበሰለም ነበር።

ያን ጉድለት የሞሉት በስኮትላንድ የዴኒ መርከብ ሠሪዎችና ብራውን ብራዘርስ የተባለው የኤዲንብራ ድርጅት ናቸው። በ1936 «አይል ኦፍ ሳርክ» በተባለች የመንገደኞች መርከብ ላይ የገጠሙት ክንፍ ተሳካ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በበርካታ የእንግሊዝ አጃቢ የጦር መርከቦች ላይ ተገጠመ፤ ዓላማውም የመድፍ ተኳሹ ዒላማ እንዳይናወጥ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ መንገደኞች መርከቦች ተመለሰ። በውዝዋዜዋ ስሟ የገነነው «ኩዊን ሜሪ» እንኳ በ1958 ክንፍ ተገጠመላት።

ክንፉ ያሸነፈው ክብደቱ አነስተኛ፣ ኃይሉም ከመርከቧ ጉዞ የሚገኝ ስለሆነ ነው። ድክመቱም ከዚያው ከጥንካሬው ይመነጫል። የክንፉ ኃይል ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን በሰዓት 10 የባሕር ማይል የምትሄድ ጀልባ ፍጥነቷን ወደ 5 ብትቀንስ የክንፉ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። መልህቅ ጥላ ስትቆም ደግሞ ክንፉ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ብረት ይሆናል።

ወደ ትናንሽ ጀልባዎች

የትልልቅ መርከቦች ጥበብ ወደ መዝናኛ ሞተር ጀልባ የወረደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከዓሣ አስጋሪዎች የመጣ ነው። የአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ አስጋሪዎች ከጀልባቸው ግራና ቀኝ ረጃጅም ምሰሶዎችን ዘርግተው፣ ከምሰሶዎቹም ጫፍ በውሃ ውስጥ የሚጎተቱ «ዓሣ» የሚሏቸውን ጠፍጣፋ ብረቶች ያንጠለጥሉ ነበር። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ስታጋድል በሌላው ጎን ያለው ብረት ወደ ላይ መነሣትን ስለሚቃወም ይይዛታል። ጡረታ የወጣው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ካፒቴን ሮበርት ቢቢ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሲንጋፖር ባሠራት «ፓሴጅሜከር» በተባለች ሞተር ጀልባ ላይ ይህን ዘዴ ለረጅም የውቅያኖስ ጉዞ አዋለው። በ1975 ያሳተመውም መጽሐፍ በአነስተኛ ሞተር ጀልባ ውቅያኖስ ለሚያቋርጡ ሰዎች መመሪያ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ የክንፉ መቀነስ ነው። በእንግሊዝ ቮስፐርን የመሳሰሉ ድርጅቶች ክንፉን ለአነስተኛ ጀልባ በሚስማማ መጠን ሠሩት። ከውጭ አንድ ጊዜ ከተገጠመ በኋላ ወደ ውስጥ የማይታጠፍ፣ በሃይድሮሊክ ኃይል የሚዞር ክንፍ ለብዙ ዓመታት የሞተር ጀልባ ዋና ማርገቢያ ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጀልባዋ ቆማም ሳለች እንደ መቅዘፊያ በኃይል በመመላለስ የሚያረጋ ክንፍ ብቅ አለ፤ ይህም ከቀድሞው ይልቅ ሰፊ ክንፍና ብርቱ ኃይል የሚጠይቅ ሆነ።

ተጥሎ የነበረው ጃይሮስኮፕም ተመልሶ መጣ። በ2003 በአሜሪካ የተቋቋመው ሲኪፐር የተባለው ድርጅት መንኰራኩሩን አየር በተመጠጠበት የታሸገ ሉል ውስጥ በማስገባት የአየርን መቋቋም አስወገደ፤ የመጀመሪያ ምርቱንም በ2008 ለገበያ አቀረበ። አየር በሌለበት ቦታ የሚሽከረከር መንኰራኩር በአነስተኛ ኃይል ከፍተኛ ፍጥነት ስለሚያገኝ፣ በ«ኮንቴ ዲ ሳቮያ» ዘመን ክብደት ያመጣ የነበረውን ኃይል አሁን ፍጥነት ያመጣው ጀመር። የሽሊክና የስፔሪ ሐሳብ ከሞተ በኋላ የተነሣው ሳይንሱ ተለውጦ ሳይሆን ኩሽኔታው፣ ብረቱና መቆጣጠሪያው ስለ ተሻሻሉ ነው።

ስለ ምርጫ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የመጀመሪያ ትምህርት ከሁሉ የሚበልጥ አንድ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። የሚበልጠው ለተወሰነች ጀልባና ለተወሰነ አገልግሎት የሚስማማው ነው። ስለሆነም ጥያቄው «የትኛው ይሻላል?» ሳይሆን «ጀልባዋ ጊዜዋን የምታሳልፈው የት ነው?» መሆን አለበት።

ብዙ ጊዜዋን መልህቅ ጥላ ወይም በቀስታ እየሄደች ለምታሳልፍ ጀልባ ጃይሮስኮፕ ይስማማታል። ከቀፎው ውጭ የሚወጣ ነገር ስለሌለው ገመድና የዓሣ መረብ አይይዘውም፤ ጥልቀት በሌለው ውሃም አይሰበርም። ሆኖም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚያመነጨውም ኃይል ወሰን አለው። ረጅምና ከባድ ሞገድ ሲመጣ መንኰራኩሩ እስከ ዳር አጋድሎ ስለሚጨርስ መከላከያው ይቀንሳል። ሌሊትና ቀን ለምትጓዝ ጀልባ ግን ክንፉ ይመረጣል፤ ኃይሉ ከጉዞዋ ይመነጫልና። ቀርፋፋ ለሆነችና ባለቤቷ ገንዘብ ለሚያንሰው የአስጋሪዎቹ «ዓሣ» እስካሁን ጥቅም አለው። ነገር ግን ብረቶቹን መጣልና ማውጣት ጉልበትና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አንደኛው ቢጠፋም ሌላው ጀልባዋን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ቢልጅ ኪል ደግሞ ከማንኛቸውም ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት ከ«ካፕቴን» ጥፋት የተገኘው ነው። ማርገቢያ ደኅንነት አይሰጥም። በላይኛው ወለሏ ላይ ከመጠን በላይ ክብደት የተጫነባት ጀልባ በማርገቢያ ተረጋግታ ብትታይ አደጋዋ ተሸፈነ እንጂ አልተወገደም። ሞተር በቆመበት ወይም ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ሰዓት መሣሪያው ይተኛል፤ ጀልባዋም በራሷ የመመለስ ኃይል ብቻ ትቀራለች። ስለዚህ አንድ መሐንዲስ ማርገቢያ ከመግጠሙ አስቀድሞ የጀልባዋን ሚዛን መመርመር ግዴታው ነው።

ስለ ጥገና

ሦስተኛው ትምህርት የጥገና ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የከበደው እርሱ ነው። ክንፍ ማለት ከውሃ መስመር በታች በጀልባ ቀፎ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ማለት ነው። በዚያ ቀዳዳ የሚያልፈውን ዘንግ ዙሪያ የያዘው የጎማ ማኅተም ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃም እንዳይገባ ይከላከላል። ማኅተሙ ያረጃል፤ ከአምራቹ መመሪያ ሳያልፍ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ መለወጥ አለበት። የሃይድሮሊኩ ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ከታየ ውሃ ገብቶበታልና ለነገ አይባልም። ጀልባዋ ከውሃ በወጣች ቁጥር ክንፉን በእጅ ይዞ መነቅነቅ ይገባል፤ ከወትሮው በላይ ልቅ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቁት የዚንክ ቁራጮች ሳያልቁ መለወጥ፣ በክንፉ ላይ የተጣበቀው የባሕር ቅርፊትም መጠረግ አለበት።

ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ክንፉ መሐል ላይ ተቆልፎ መቆየት ይኖርበታል፤ ውሃው በተቃራኒ ሲፈስ የክንፉም ኃይል ይገለበጣልና። በሚገባ የተሠራ ክንፍ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ መጀመሪያ ክንፉ ወይም ዘንጉ እንዲሰበር እንጂ ቀፎው እንዳይቀደድ ተደርጎ ይሠራል። ይህን ባሕርይ የሚያበላሽ ጠንካራ ምትክ ዘንግ በራስ ፈቃድ መግጠም ለጀልባዋ ጠንቅ ነው። ጃይሮስኮፕም ቢሆን ከእንክብካቤ ነጻ አይደለም። ኩሽኔታው ከባድ ጫና ስለሚሸከም ሙቀት ያመነጫል፤ የማቀዝቀዣው የባሕር ውሃ መስመር በጨውና በዝቃጭ ከተዘጋ መሣሪያው ራሱን ያቆማል። መሠረቱም የጀልባዋን አጥንት የሚነካ ስለሆነ በቀጭን ወለል ላይ በብሎን ማሰር ብቻ አይበቃም።

መደምደሚያ

የውዝዋዜ ማርገቢያ ታሪክ ለምቾት ሲባል የተደረገ የቅንጦት ታሪክ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንዲያ አይደለም። ሲወዛወዝ ያደረ መርከበኛ ይደክማል፤ የደከመ ሰው ይሳሳታል፤ በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ ከደረጃ የወደቀ ወይም በፈላ ውሃ የተቃጠለ ሰው በውቅያኖስ መካከል ሐኪም አያገኝም። በባሕር ዳር ሠልጥነው በዓለም አቀፍ መርከቦች የሞተር ክፍል የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ከፍሩድ ጠርዝ ጀምሮ የቀረው ሐሳብ ሁሉ ለሥራው ሲል ከሚያስከፍለው ክብደት፣ ቦታና ድካም ጋር ተመዝኖ ያለፈ ነው። ከእነዚህም ከባዱ ሚዛን ጥገና ሆኖ ይገኛል። መሣሪያን በገዛበት ቀን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ በአምስተኛው ዓመት ማኅተሙን የሚለውጥ ግን ጥቂት ነው። ክንፍ ወይም መንኰራኩር የሚመርጥ መሐንዲስ ከሻጩ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ጀልባዋ በምትውልበት ወደብ መሣሪያውን ሊፈታና ሊገጥም የሚችል እጅ፣ ምትክ ዕቃም መኖሩን ቢያረጋግጥ ይበጀዋል። የሚጠግነው ያጣ ማርገቢያ የተሸከመች ጀልባ ከ«ኮንቴ ዲ ሳቮያ» የምትለየው በክብደቱ መጠን ብቻ ነው።